ከቄሱ ታሪክ የጎደለው ገጽ

ጠዋት 6፡05፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ገና አልነጋም። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ባለታክሲ ጋሽ ታዬ ከአፓርትመንታችን በር ላይ ሞተር አስነስተው ይጠብቁኛል። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ በየደቂቃው እየከፈትኩ አየዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምንከባከባቸው ሽማግሌ አርባ ዓመት ሙሉ የአንድ እንግሊዛዊ ቄስ ታሪክ ሲጽፉ ኖረዋል። ቄሱ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በአንዲት ጭቃማ መንደር ያገለገሉ፣ ንብ የሚያረቡ፣ ስለ ውርጭና ስለ ፈረሳቸው ግጥም የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ከመንደራቸው ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። የሽማግሌው ዓይን ሲደክም የእጅ ጽሑፋቸውን ኮምፒውተር ላይ የምተይበው እኔ ሆንኩ። አንዷን ገጽ ግን ዘለልኳት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ቄሱ ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያምኑ ሰበኩ ትላለች። የእግዚአብሔርን ሰው ገመና በእጄ ልገልጥ? አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት 8፡00 ላይ የሽማግሌው ልጅ ፋይሉን ለአሳታሚው ሴንድ ታደርገዋለች።

6፡50፣ ቤልትዌይ

ቀለበት መንገዱ ላይ ቆመናል። ፊታችን የመኪና ቀይ መብራት ብቻ።

«እህት አስቴር፣ ለሞተ ፈረንጅ ነው እንዲህ የምትጨነቂው?» አሉኝ ጋሽ ታዬ።

«በሕይወት ላሉት ነው እንጂ። አርባ ዓመት የደከሙበት ነው።»

«የኖኅ ልጆች አባታቸውን ሸፍነው አይደል የተባረኩት?»

«እነሱ አባታቸውን ሸፈኑ። እኔ የሰው መጽሐፍ ነው የቆረጥኩት።»

«እንግዲያው ለልጅቷ ኮል አድርጊያት!»

«እሳቸው ስልክ አያነሱም፤ ከሳቸው በፊት ለልጃቸው ብነግር ደግሞ ሐሜት ይሆንብኛል።»

«አይ አንቺ! ከጽድቅሽ ብዛት ከሥራሽ ትባረሪያለሽ» ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት።

7፡30፣ ድልድዩ ላይ

የፖቶማክ ወንዝ የቀለጠ እርሳስ መስሏል። ጋሽ ታዬ «በኢየሱስ ስም» እያሉ መስመር ይቀይራሉ። የኋላው መኪና ጡሩንባውን ለቀቀብን። እኔ ሰዓት አያለሁ፤ መጸለይ እጀምርና የጀመርኩትን እረሳዋለሁ።

7፡52፣ አሌክሳንድሪያ

የጡብ መንገድ፣ ጠባብ ጠባብ ቤቶች። በሩን ልጃቸው ከፈተችልኝ፤ በአንድ እጇ ላፕቶፑን ይዛለች። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊታቸው ቆምኩ።

«አንድ ገጽ አስቀርቻለሁ» አልኳቸው።

«የቷን?»

አነበብኩላቸው።

«ለምን?»

«የቄስ ገመና መስሎኝ።»

«ምርጥ ግጥሞቻቸውን የጻፉት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው» አሉ። «ይህቺን ካስቀረሻት አንባቢው ግጥሞቹ ከየት እንደመጡ በምን ያውቃል? ሌላስ ምን አስቀረሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ልመንሽ?»

ሽማግሌው ልጃቸው ወደቆመችበት ዞሩና «ዛሬ አይላክም» አሏት። ላፕቶፑን ተቀብዬ እንድቀመጥ አዘዙኝ።

«ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ ሁሉንም ታነቢልኛለሽ። የጎደለ ካለ እኔ አውቀዋለሁ።»

ካፖርቴን አወለቅኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝና ደግሜ እንዳነበው ጠየቁኝ። ደገምኩት። አንድም ቃል አልጎደለም ነበር።

«ቀጥዪ» አሉኝ።