ኢምፔሪያሊዝምን ያሳለመው ቁም ጸሐፊ

ወልደ ሐዋርያት ፊደል ሲጥል በብሩሽ ሳይሆን በመጥረቢያ የሚጽፍ ይመስል ነበር። የእሱ «መ» ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎተራዎች ናት፤ የ«ለ» እግሮች የዋርካ ግንድ፣ ጫፋቸው ግን ምላጭ። ጎርጎራ ቆሞ ከጣና ማዶ ያነበበው ሰው አለ ይባላል።

ደብር ውስጥ ዳዊት ሲጽፍ ያደገ ሰው ነው። በደርግ ዘመን የብራና ሥራ ስለቀዘቀዘ ባሕር ዳር አስፋልት ዳር ማስታወቂያ ይጽፋል። ለዚያ ጥቁር፣ ወፍራም ቁም ጽሕፈት ሕግ ነበረው፦ «ለመቃብር ድንጋይ ይሆናል፣ ለጠጅ ቤት ስም ይሆናል፣ ለሠርግ መጥሪያ ርእስም ያምራል። ቃሉ ሲበዛ ግን የጉንዳን ሰልፍ ነው። የመድኃኒት አወሳሰድማ ከጻፍህበት በሽተኛው አንብቦ ሳይጨርስ ይሞታል።»

ለአብዮት በዓል ቀበሌው መፈክር አዘዘው፦ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም»። ሁለት ቃል ብቻ! ደስ አለው። በነጭ አቡጀዲ ላይ ጻፈና የመጀመሪያውን ቃል በልማዱ በቀይ አደረገው፤ የብራና መጽሐፍ በቀይ ይከፈታላ። ዳርዳሩንም እንደ ዳዊቱ የሐረግ ጌጥ ጣለበት።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከመሸንቲ ለገበያ ቅቤ ይዘው የመጡ ባልቴት ቀበሌው ደጃፍ ከተሰቀለው ጨርቅ ፊት ደረሱ። ፊደል አይለዩም፤ የመጽሐፍ መልክ ግን ያውቃሉ። ቅላቸውን አወረዱ፣ አማተቡ፣ ጫፉን ስበው ተሳለሙ። ከኋላቸው ያለችውም ተሳለመች። ወዲያው ወረፋው ሐይቁ ዳር ደረሰ። ሁሉም ቀዩን ነው የሚስሙት፤ «ይውደም»ን የነካ የለም።

የአብዮት ጥበቃዎች ወልደ ሐዋርያትን ይዘው ወደ ቀበሌው ግቢ ሄዱ። በዚያው ሰሞን ወደዚያ ግቢ ከተወሰደው የጎረቤቱ ልጅ የተመለሰው ጫማው ብቻ ነበር።

«ማነው የላከህ?» አለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀ።

«ማንም፣ ጌታዬ… ጓድ ጌታዬ!»

«ኢምፔሪያሊዝም ምን ውለታ ቢውልልህ ነው ቀይ ያለበስኸው?»

«እጄ ነው ጓድ። እኔ አልጻፍሁም።»

«እጅህን ለብቻው እንሰረው?»

አስናቀ በመስኮት ወረፋውን እያየ ድምፁን ቀነሰ። «መፈክር ማውረድ በእኔ ላይ ሌላ ወንጀል ይሆናል። እስከ ዛሬ የሰቀልነውን ደግሞ ፍየል እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። ‹ሰፊው ሕዝብ መፈክሩን በጥልቅ ፍቅር ተቀበለ› ብዬ ወደ ላይ አስተላልፌያለሁ። በበዓሉ ዕለት የበላይ ጓዶች መጥተው ያያሉ። ያን ቀን ሕዝቡ ካልተሳለመ…» ዓይኑ ወደ ጓሮው በር ሄደ።

ወልደ ሐዋርያት ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ለመናት። «የብርጓል፣ ለበዓሉ ወጥተሽ ተሳለሚልኝ።»

«ኢምፔሪያሊዝምን? የነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል!»

«መበለት ከመሆን ይሻላል በያቸው።»

በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ በጠመንጃ ታጅቦ ተሰለፈ። ባላገሮቹ ከገበያ ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል፤ ከተሜው ደግሞ ማንበብ ይችላል። የበላይ ጓዶች ከላንድሮቨር ወርደው ጨርቁ ፊት ቆሙ። ማንም ንቅንቅ አላለም። የብርጓል ነጠላዋን ተከናንባ እያለቀሰች ነው፤ ከሰልፉ ግን አልወጣችም።

ወልደ ሐዋርያት ባርኔጣውን አወለቀ። እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ሄዶ ግንባሩን፣ ከዚያ ከንፈሩን ቀዩ ቃል ላይ አሳረፈ። ከኋላው የቦት ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ ቀረበ፣ ቆመ። ዓይኑን ጨፍኖ ጥይቱን ጠበቀ።

ምንም ሳይመጣ ሲቀር ቀስ ብሎ ዞረ። ጓድ አስናቀ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ቶሎ በል ጓድ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «እያዩን ነው፤ ተራው የእኔ ነው።»