ከማጂ አይደለሁም አልኳት

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን ሶስናን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የባሕር ውሃ ወገቤ ደርሶ ነበር። አሁን ሁለታችንም ደህና ነን።

ልጄ ከነቤተሰቧ ልታዝናናኝ ዛንዚባር አምጥታኛለች። ባሕር እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ለመንዝ ሰው ማን ነግሮት? አሸዋው እንደ አውድማ ተዘርግቶ ባየሁ ጊዜ ሶስናን ይዤ ዛጎል ለቀማ ገባሁ።

ከዳር የባሕር ሣር የምትሰበስብ ሴትዮ “ማጂ! ማጂ!” እያለች እጇን አወናጨፈችብን።

በአገራችን ደቡብ ያለችው የማጂ ከተማ ትዝ አለችኝ፤ አገሬን መጠየቋ መሰለኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ “የለም እመቤቴ፣ ከማጂ አይደለሁም፤ ከመንዝ ነኝ!” አልኳት። ይባስ ብላ ስትጮህ “መሐል ሜዳ!” ብዬ ከተማዬን አብራራሁላት።

“አባባ፣ የመጣንበት መንገድ የለም” አለች ሶስና።

ዞር ስል እውነቷን ነው። ውሃው በጀርባችን ዞሮ በእኛና በዳሩ መካከል ገብቷል። ዋና ደግሞ ሁለታችንም አንችልም።

ተሸክሜያት ስገባ አሸዋው ከእግሬ ሥር ይንሸራተታል። “አባባ፣ እንዳይወድቁ!” ብላ አንገቴን አነቀችኝ።

“የመንዝ በቅሎ ወድቃ ታውቃለች?” አልኳት። ውሃው ግን ወገቤ ደርሶ ነበር።

ሴትዮዋ ሣሯን ጥላ ደረሰችልን፤ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ ጎትታ አወጣችን። (ልጄ “በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልዎታል?” ብላኝ ነበር።)

ዳር ስንደርስ ከባሕሩ በእፍኟ ጨልፋ ፊቴ ላይ ረጨችኝና፣ ረጋ ብላ “ማጂ” አለችኝ።

ለካ ውሃ ማለት ነው!

እናንተስ፣ ሰው ሊያድናችሁ በማታውቁት ቋንቋ ሲጮህ ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፤ ልጄ በእኔ ብቻ እንዳትስቅ።