ቫይረስ ነው ብዬ ያጠፋኋት የቲቸር ሙሄ ፀሐይ

ዛሬ ጠዋት «ቲቸር ሙሄ አረፉ» ብለው ጎረቤታቸው ሲደውሉልኝ «የትኛው ሙሄ?» ነው ያልኩት። ሐይቅ ከተማ ላይ ሙሄ የሚባል ሰው መቼ ጠፍቶ። ሌላ ሙሄ ይሁን ብዬ ነው። ሞትን ለሌላ ሰው መመኘት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ሐሙስ እኮ አብረን ነበርን። ሻዩ ስኳር አነሰው ብለው ተቆጥተውኝ ነው የተለያየነው።

ለማታውቋቸው፣ ቲቸር ሙሄ ውጫሌ ለረጅም ዓመት ፊዚክስ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሐይቅ መጥተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ መነኻሪያው አጠገብ ሞባይል የምጠግነው፣ ፎቶ የማትመው ነኝ።

አንድ ሳጥን ነበረቻቸው። የጫማ ካርቶን ናት። በአንድ በኩል ሁለት ምላጭ አፍ ለአፍ ገጥመው ቀጭን ስንጥቅ ሠርተውላታል፣ ውስጧ የተቆረጠ ሲዲ አለ። ብርሃን በስንጥቁ ሲገባ ሲዲው ቀለም በቀለም ይዘረዝረዋል፣ እሳቸው በስልካቸው ያነሱታል። ያገኙትን ብርሃን ሁሉ ያነሱ ነበር። የሻማውን፣ የኩራዙን፣ የባጃጁን፣ የበያጁን ብልጭታ ሳይቀር።

አንዴ ጎረቤቴ ባለሱቁ «እነዚህ ሁለት አምፖሎች ያው አንድ ነጭ ናቸው» ሲል ሰሙት። «እስኪ ሳጥኗ ትናገር» አሉ። አንዱ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ ወጣ፣ ጥምዝምዙ አምፖል ግን እንደ አጥር እንጨት ተነጣጥሎ ቆመ። ባለሱቁ «እና የትኛው ነው ደህናው?» አላቸው። «ደህና መጥፎ መች አልኩ፣ ይለያያሉ ነው ያልኩት» ብለውት ሄዱ።

«እስኪ ሳጥኗ ትናገር» የሁሉ ነገር መልሳቸው ነበረች። ወጡ ጨው በዝቶበታል ሲባል እንኳ እሷኑ ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

እሳቸውንም ሳጥኗንም በቅጡ ሳላውቅ፣ አምና አንድ ጠዋት የስልካቸውን ሚሞሪ አመጡልኝ። «ከዚህ ውስጥ አንዷን ፎቶ በትልቁ ታትምልኛለህ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ መጥቼ አሳይሃለሁ» ብለው ሄዱ። ከፈትኩት። ጥቁር ፎቶ፣ መሀሉ ላይ ባለቀለም መስመር። ቀጣዩም እንደዚያው። አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አየሁ፣ ሁሉም ያው ነው። ለሞባይል ጠጋኝ ጥቁር ላይ ባለቀለም መስመር ያለው ትርጉም አንድ ነው፣ ተበላሽቷል። ቫይረስ ነው አልኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ልጥቀማቸው ብዬ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ጠበቅኳቸው።

ሲመለሱ ሳጥኗን ከፌስታል አውጥተው ሊያስረዱኝ ጀመሩ። ላብ አጠመቀኝ። እንዲታተም የፈለጉት የፀሐይን ብርሃን ነበር። በቀለሞቹ መሀል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉት፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ያለው ጋዝ ውጦ ያስቀራቸው ቀለሞች ናቸው። ያን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳሉ አስተምረዋል። በዓይናቸው ያዩት ግን አንዴ ነው። ያቺን አንዴ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

«ቫይረስ በልቶት ነው የመጣው» አልኳቸው። «ከጠገበ ይሁን» ብለው ሚሞሪውን ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወዲህ ሳጥን ተሸካሚያቸው ሆንኩ። ሰው ሁሉ ደግ ነህ ይለኝ ነበር፣ ኧረ ደግነት አይደለም። ፀሐይዋን ስንት ጊዜ ሞከርናት፣ መስመሮቹ አልወጣ አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ሄደ። አንድ ቀን «ምናልባት ያኔም አላየኋት ይሆናል፣ ስለተመኘኋት መስሎኝ ነው» አሉ። እሱ ነው የገደለኝ። ውሸቴ የገዛ ዓይናቸውን አስጠረጠራቸው።

ባለፈው ሳምንት ታመው አልጋ ላይ ሳገኛቸው ነገሩን መያዝ አልቻልኩም። «ቲቸር፣ አፉ ይበሉኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እኛ ወሎዎች ዘንድ ይህ ቃል ከወጣ በኋላ መደበቅ የለም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ።

ኋላ ላይ «ሁሉንም አየሃቸው?» አሉኝ።

«አንድ ሳይቀር።»

«ስንቱን ሰው ላሳይ ሞከርኩ መሰለህ። ሦስተኛዋ ፎቶ ላይ ሲደርስ ስልኬን ይመልስልኛል።» ሳቃቸው መጣ። «አፉ ብየሃለሁ። በል ሐሙስ ሳጥኗን ይዘህ ና። ምላጮቹን ደግሞ ጠበብ አድርጋቸው።»

ሐሙስ በባጃጅ ቀስ ብለን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። «ወደ ፀሐይዋ እንዳታይ፣ ዓይንህን ታጠፋለህ» ብለው ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ፀሐይ አረፈበት፣ እኔ ሳጥኗን ወደ ነጩ ጋቢ አዞርኩ። ስንተኛው ፎቶ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ወጣች። በቀለሙ መሀል ፀጉር የሚያካክሉ ጥቁር መስመሮች። አጉልቼ ወደ ዓይናቸው አስጠጋሁላቸው።

ብዙ ቆዩ። «አይቻት ነበር» አሉ።

የዚያኑ ዕለት በትልቁ አትሜ አልጋቸው ራስጌ ለጠፍኩላቸው።

ዛሬ አልቅሻለሁ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ከልቅሶው ይልቅ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አንድ ሳምንት ብዘገይ ኖሮ እሳቸው ጥርጣሬያቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር፣ እኔም ይሄን ጉድ ይዤ እቀር ነበር። የበደላችሁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ቀብራቸው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፣ መድረስ የምትችሉ ድረሱ።

ቲቸር፣ ሳጥኗ እኔ ጋ ናት። ፀሐይዋንም ሦስት ቦታ አስቀምጫታለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም ቫይረስ ነው ብሎ አያጠፋትም፣ እኔም ብሆን። በደህና ይሂዱ። እኔን አፉ እንዳሉኝ፣ አላህም እርስዎን አፉ ይበልዎ።