«ሴንሰር የለውም»

ቦንጋ ውስጥ ስለ ሞተር ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እስካሁን ደብቀውታል ማለት ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሬዲዮ እየፈታሁ ጀመርኩ፣ ወደ ውሃ ፓምፕ ተሻገርኩ፣ አሁን በስተርጅና ደግሞ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ የቀረኝን እሞላለሁ። የቀረኝም ብዙ አይደለም።

ጎረቤቴ እሸት ቡና ፈልፍላና አጥባ የምትሸጥ ሴት ናት። የድሮው ሞተሯ መብራት ይበላ ነበር፤ እሱ ሲነሳ የመንደሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። ባለማግኔት ሞተር ግዢ ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ማግኔቱ ከውስጡ ተተክሎ ስለሚመጣ፣ ማግኔት ለመፍጠር የሚባክን መብራት የለም። አብሮት የሚመጣው መቆጣጠሪያ ሳጥን ደግሞ ሥራው ሲከብድ መብራት ይጨምርለታል፣ ሲቀል ይቀንስበታል። ይህን ስነግራት «እህም» እያለች ሰማችኝ። ከገዛች በኋላ መካሪዋ የባሏ ወንድም ሆነ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በልቤ አልይዝም።

ሞተሩ በተተከለ ማግስት ለቃሚዎች እሸቱን በጆንያ አምጥተው ደረደሩ። እሸት ቡና በቀጠሮ አይጠብቅም። በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠውን ደግሞ ገዢ አሽትቶት ያልፋል። የዓመት ልፋቷ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነበር። ማብሪያውን ስትጫነው ሞተሩ ወደ ቀኝ ቃጣው፣ ወደ ግራ ቃጣው፣ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ።

በእርግጥ የተጠራሁት እኔ አይደለሁም። ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ መስቀል ስላልቻልኩ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የኤሌክትሪክ መምህር ተጠራ። ጨዋ ልጅ ነው። ሳጥኑን ገልጦ አየና «ሴንሰር የለውም» አላት።

እኛ አገር አንድ የተገዛ ዕቃ «የለውም» ከተባለ ነገሩ አልቋል። ክዳን የሌለው ድስት፣ እግር የሌለው አልጋ፣ ሴንሰር የሌለው ሞተር። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ሞተሩን አስፈትታ ጅማ ላለው ሻጭ ልትመልስ መፍቻ ታፈላልግ ነበር። አንዴ ከተፈታ ያ ሁሉ ቡና ማደሩ ነው።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩን አውጥተው ነው የሸጡልኝ። መምህሩ በዓይኑ አይቷል።»

«የሌለውን ነገር በዓይኑ አየው?»

መምህሩ ፊቱ ቀላ። «እኔ ተሰረቀ አላልኩም እኮ፣ እትዬ። ፋብሪካ ሲሠራም እንደዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ሲሠሩም ሰርቀዋል» አለችና የቀረውን በአገሯ ቋንቋ በካፊኖኖ ቀጠለች። መምህሩ አለመስማቱ ጠቀመው።

«መምህር፣ ‹የለውም› አትበላት። ‹አያስፈልገውም› በላት» አልኩት።

ከዚያ በቋንቋዋ አስረዳኋት። ሌላው ሞተር ዘንጉ የት እንዳለ የሚያይ ዓይን ተገጥሞለታል፤ ሴንሰር የሚሉት እሱን ነው። ይሄኛው ዓይን አያሻውም፤ ሲዞር ራሱ የሚመልሰውን መብራት ሳጥኑ እየሰማ ዘንጉ የት እንደደረሰ ያውቃል። ሲቆም ግን የሚሰማው የለም። የቆመ ሰው አካሄዱ አይታወቅም። ስለዚህ ሲነሳ በግምት ነው የሚነሳው። መምህሩ ይህንኑ ሊል እንደነበር ነገረኝ። አመንኩት። ሊል የነበረ ሰው በዚህች ከተማ ብዙ ነው።

የመፈልፈያውን አፍ ባየው እስከ ጫፉ እሸት ተጠቅጥቆበታል።

«ይሄን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። ባዶ ወፍጮ ይዞራል እንዴ? ራሱን ይበላል።»

እናቷ ወፍጮ ቤት ነበራት፤ ትምህርቱ ከዚያ ነው።

«በግምት የሚነሳ ሞተር ላይ ይህን ሁሉ ጭነሽ ተነሣ ትይዋለሽ። አራግፊው፣ ባዶውን ይነሳ፣ ከዚያ አጉርሺው።»

ወገቧን ያዘች። «መብራት ይቆጥባል ብዬ የገዛሁትን ባዶውን ላዙረው? ይሄ ነው የርስዎ ቁጠባ?»

«ሳጥኑ ላይ የሚበላውን መብራት የሚያሳየውን ቁጥር እዪ። ባዶውን ሲዞር ከፍ ካለ፣ ጅማ ድረስ እኔው ተሸክሜ እመልስልሻለሁ።»

ወገቤን የሚያውቁ ሳቁ። እሷ ግን ሳህን አምጥታ ማራገፍ ጀመረች፤ እኔን ተሸክሜ ማየት ሳትፈልግ አልቀረችም።

ማብሪያውን ተጫነች። ሞተሩ ትንሽ አመነታ፣ አንዴ ነቀነቀው፣ ከዚያ ያዘና በዝግታ ዞሮ ፍጥነት አገኘ። ድምፁ ስለማይሰማ ቆመ ብላ ቀበቶውን ልትነካ እጇን ሰደደች፤ መምህሩ ክንዷን ያዘ። ቁጥሩ ከታች ተጋድሟል። እሸቱን ስታጎርሰው ከፍ አለ፣ ስታቆም ተመልሶ ወረደ። ቀዩ ልጣጭ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላው ወደ ገንዳው ይፈስ ጀመር። መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ ጆንያ ሲያነሳ ዋለ፤ ዲፕሎማ ለዚያም ያገለግላል።

አስቀድሞ የተለቀመው አንዱ ጆንያ መሽተት ጀምሮ ነበር። አሸተተችውና ለብቻው ማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጣችው። የቀረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ገንዳ ገባ።

ከዚያ እጇን አደራርቃ ስልኳን አነሳችና ለሻጩ ደወለች። ይቅርታ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«ሞተሩስ ደህና ነው» አለችው። «ግን ሴንሰር ስለሌለው ዋጋውን ትቀንስልኛለህ።»