ለጭልፊት ሽምግልና ተራራ ማዶ የሄድን ጊዜ

ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል አጠገብ ካለችው ከቡሪየን ስንነሳ መኪናው ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄ ሄለን፣ ከኋላ ደግሞ በአንሶላ የተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አንዲት ጭልፊት። ሄለን የምትሠራው የተጎዱ አሞሮች የሚታከሙበት ቦታ ነው። ሰው «ልጅህ ምን ሆነች?» ሲለኝ «የአሞራ ሐኪም!» እላለሁ። ድሮ ሲስቁብኝ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

የጉዞው ጉዳይ ይህ ነው። ጭልፊቷ ባለፈው የበረዶ ወራት ክንፏ ተሰብሮ ዴል የሚባሉ አዛውንት አጥር ሥር ተገኘች። ምን እንደመታት አይታወቅም፤ የጠረጠርነውን በሆዳችን ይዘናል። አሁን ድናለች፣ ጎጆዋ ግን ያለው እሳቸው ጫካ ውስጥ ነው። ዴል ደግሞ ግራውስ የሚሏትን የዱር ቆቅ የሚያድኑ ሰው ናቸው። የአደኑ ወራት ሊከፈት ትንሽ ቀርቶታል፤ «ጭልፊት ቆቄን ትጨርስብኛለች» ብለው ሄለንን በስልክ እንቢ ብለዋታል። ሌላ ቦታ ብትለቀቅ የሌላ ጭልፊት ግዛት ገብታ ትሞታለች።

«ሶ፣ ራሴ ሄጄ አናግራቸዋለሁ» አለች ሄለን።

«ብቻሽንማ አትሄጂም፤ ሽማግሌ ያስፈልግሻል» አልኳት። ሲያትል ውስጥ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው ነኝ እኮ!

የስኖኳልሚን ተራራ ስንሻገር

የቤልቪውን ከተማ አልፈን ወደ ተራራው ስንወጣ ካፊያ ነበር። ጫፉ ላይ ጉም ዋጠን። ማዶ ስንወርድ ግን ፀሐይ ወጣች፤ ጥድ እየሳሳ፣ መሬቱ ቢጫ እየሆነ ሄደ። መንገድ ዳር ኮክ ከሚሸጡ ሰዎች ጋ ፓርክ አድርገን አንድ ከረጢት ገዛን። ሬዲዮ መክፈት ክልክል ነው፤ አሞራዋ ትደነግጣለች። ጮክ ብሎ ማውራትም እንደዚያው። እኔን ያን ሁሉ መንገድ ዝም ማሰኘት የሚችል ሰው አልነበረም፤ አሞራ ቻለችው።

በሹክሹክታ ግን ምክሬን ሰጠሁ። «የምትበላው አይጥ ብቻ ነው በያቸው።»

«አባዬ! ዋሽተህ ነው እንዴ የምታስታርቀው?»

«ውሸት አይደለም፣ ማለስለስ ነው። የሽምግልና ወግ ነው።»

«ኖ» አለችኝ።

ጋሽ ዴል ቤት

አንድ ያረጀ ውሻ እየተንቀራፈፈ ተቀበለን። ዴል ረጅም ናቸው፣ ብርቱካንማ ኮፍያ አድርገዋል። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ በልቤ ጋሽ ዴል አልኳቸው። ሚስታቸው በረንዳው ላይ አስቀምጠውን ፓይ የሚሉትን ኮክ የተሞላ ኬክ አቀረቡልን። ሳህኑን ወደ መሐል ገፋ አድርጌ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«አባዬ ብላ፣ ሩድ ነው፣ ነውር ነው!» አለች ሄለን በአማርኛ፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ የሰው ቤት እህል አይቀምስም። ተርጉሚላቸው።» የእኔ እንግሊዝኛ አውቶቡስ ለመንዳት ይበቃል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆንም።

ተረጎመችላቸው። ጋሽ ዴል ትክ ብለው አዩኝ። «እንቢ ካልኩስ?»

«እንደተራብኩ እመለሳለኋ!»

ሳቁ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ስወጣ ቆቅ ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር ብር ይል ነበር። አምና ቀኑን ሙሉ ዞሬ ባዶ እጄን ገባሁ። ውሻዬ አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ስንት የአደን መስከረም ቀረኝ? ለጭልፊት ልስጠው?»

አንጀቴን በሉት። ሄለንን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት፤ የአይጡን ነገር ንገሪያቸው ማለቴ ነው።

«ጭልፊቷ ቆቅ ትበላለች» አለች ልጄ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ከእርስዎ ቆቅም ትበላለች። ግን ቆቁን ያሳነሰችው እሷ ናት ብዬ አላምንም፤ ጫካው ራሱ ሳስቷል። በየጸደዩ እመጣለሁ፣ አብረን ዞረን እናያለን። ከተሳሳትኩ እዚሁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ተሳስቻለሁ እላለሁ።»

ጋሽ ዴል ኮፍያቸውን አወለቁ። «ከዚህ በፊት ስለ ጭልፊት ሊያናግሩኝ የመጡት ሁሉ አይጥ ነው የምትበላው ይሉኝ ነበር» አሉ። «ሞኝ መስያቸው።»

ፊቴን የት ልደብቀው?

«አንድ ዓመት እንሞክረው» አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «አባትሽ ይብላ።»

ጫካው ጫፍ ላይ

ሳጥኑን እንዲከፍቱት ሄለን ጋሽ ዴልን ለመነቻቸው። ጎንበስ ብለው ከፈቱት። ጭልፊቷ በደረታቸው ስር ሽው ብላ ወጣች፤ ያ ተሰብሮ የነበረው ክንፍ ከደህናው ጋር እኩል እየመታ ጥዶቹ ውስጥ ገባች።

«የተረገመች!» አሉ ጋሽ ዴል። «ታምራለች ግን።»

ልጄን አየኋት። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። ያን ክንፍ በእጇ የጠገነችው እሷ ናት፤ ያን ሰው በእውነት የረታችውም እሷ ናት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቡሪየን

ሲመሽ ቤት ገባን። ባለቤቴ በር ላይ «እሺ፣ እንዴት አሸማገልክ?» አለችኝ።

«እኔ ፓይ በላሁ፤ ያሸማገለችው ልጅሽ ናት» አልኳት።

በሳምንቱ ደግሞ አንድ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ተጠራሁ። እንደ ልማዴ ላለሳልስ አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ የሁለቱንም ጥፋት እንዳለ ነገርኳቸው። ሁለቱም ተቆጡኝ። ይቆጡ! የሄለን አባት ነኝ።