የሁዳዴ የዱባ ኬክ

ሠናይት አያሌው በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ቀሚሱ ለቅዳሜ ይደርሳል ካለች ለቅዳሜ ይደርሳል። ጨርቅ ከተረፋት ቁራጩን ጠቅልላ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ትመልሳለች። «የሠናይት ቃል» ይላሉ ደንበኞቿ፣ ሌላ ሰፊ ሲያጉላላቸው። ትዳሯ ገና በጠዋቱ ፈርሶ፣ ልጅ ሳትወልድ ወደ አርባ ዓመቷ ስትጠጋ፣ የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ይህ ስም ነበር።

አባቷ አቶ አያሌው ጋፋት አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው አምና ክረምት የሆድ ሕመም ጸናባቸውና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ ሠናይት ወደ መንደር አልመለሰቻቸውም፤ ደብረ ታቦር ከምትከራየው ቤት አልጋ ዘረጋችላቸው። ታናሽ እህቷ ሰላማዊትም እዚያው ቤት ናት። ነርስነት ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ እስኪገኝ ቀኑን ቤት ትውላለች።

ቁስሉ ዳነ፣ ሰውነታቸው ግን አልተመለሰም። ሱሪያቸውን በገመድ እየታጠቁ፣ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ለመድረስ ግድግዳ እየያዙ ከረሙ። ሐኪሙ ሥጋ፣ ወተት፣ በተለይ እንቁላል አብዝተው እንዲበሉ አዘዘ። ይህን ሲያዝ ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ቀርተውት ነበር። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞገስ ቤት ድረስ መጥተው፣ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ነግረዋቸው ሄዱ።

«ቄሱ ፈቀዱ» አሉ አቶ አያሌው፣ እንግዳው ከወጡ በኋላ። «እኔ ግን አልፈቀድሁም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያነቃንቃቸው አልቻለም።

መላውን ያመጣው ስልክ ነው። ሰላማዊት አንድ ቀን ለሠናይት የአንዲት ፈረንጅ ሴት ቪዲዮ አሳየቻት። ሴትዮዋ ዱባ ፈጭታ፣ እንቁላል ሰብራ፣ ከቆርቆሮ የወጣ የወተት ዱቄት ጨምራ፣ በትናንሽ የመጋገሪያ ቅርጽ ትንንሽ ኬክ ትጋግራለች። ማፊን ትለዋለች። ጡንቻ ለሚያሳብጡ ሰዎች ነው አለች ሰላማዊት እየሳቀች።

ሠናይት አልሳቀችም። «እንቁላሉን አውጥተን ግብጦ ብናስገባበትስ?» አለች።

ግብጦ ሲባል ሰው የሚያስበው ምሬቱን ነው። ቢሆንም ገላ በመገንባት ከጥራጥሬ የሚደርስበት እንደሌለ ሰላማዊትም ከትምህርቷ ታውቀው ነበር። እሑድ ሠናይት ወደ ጋፋት ወረደች፤ የአባቷ ማሳ ዳር የበቀለውን ግብጦ አምጥታ ቀቀለች፣ በጆንያ አድርጋ ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ጋር አሰረችው። ውሃው ምሬቱን ጠርጎ እስኪወስደው ጠበቀች። ከዚያ ልጣጩን አንስታ፣ አድርቃ አስፈጨች። ከሽምብራ ዱቄት ጋር ቀላቅላ የተቀቀለ ዱባ፣ ዘይት፣ ቀረፋ፣ ትንሽ ስኳርና የዳቦ ማስነሻ ዱቄት አስገባችበት። በእንቁላሉ ፈንታ በውሃ የተመታ ተልባ ሆነ። ቅርጽ አልነበራትምና የቲማቲም ጣሳ አጥባ፣ ዘይት ቀብታ ተጠቀመች።

የመጀመሪያውን ለአባቷ ስታቀርብ አቶ አያሌው በእጃቸው ላይ ገለበጡት።

«መልኩ የፍስክ ይመስላል» አሉ።

«እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ አባባ። በእጄ ነው የሠራሁት።»

«አምኜሽ ልብላ?»

«አምነውኝ ይብሉ።»

ቆረሱ። እንደ ጭቃ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፣ ግን አልተፉትም። «ጥሩ ነው» አሉ፣ ለረጅም ጊዜ ካኘኩ በኋላ። ሠናይት ይህን ጊዜ ትንሽ ሳቀች።

የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ሆነ። ጠዋት መብራት ስለማይገኝ ሠናይት ወደ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ሊጡን ታቦካለች፣ ተልባው እንዲያብጥ በጨርቅ ሸፍና ትተዋለች። መብራት ሲመጣ ሰላማዊት በትንሿ የኤሌክትሪክ ኦቨን ትጋግረዋለች። አባታቸው ከቅዳሴ በኋላ፣ ጾሙ ሲፈታ ይበሉታል። ሠናይትም ከሱቅ ስትመለስ የተረፈውን በሻይ ትበላለች፤ እሷም ጿሚ ናት።

ዘወረደና ቅድስት እንዳለፉ፣ ምኩራብም ሲያልፍ ኬኩ ያው ጭቃ ነበር። በመፃጉዕ ሰሞን ግን አንድ ቀን ስትመለስ ሰላማዊት ጣሳውን ገልብጣ አሳየቻት። ኬኩ ከጣሳው አፍ በላይ ነፍቶ ወጥቷል። ሲቆርሱት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው።

«ምን ተገኘ?» አለች ሠናይት።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ዛሬ ምን አድርገሽበት ነበር?»

ሠናይት አሰበች። የዚያን ቀን ተልባውን በለብታ ውሃ ነበር የመታችው። «ለብታው ነው» አለች። ሰላማዊትም «ይሆናል» አለች፣ ጣሳ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አቶ አያሌው ሁለት ሁለት መብላት ጀመሩ። ግድግዳ መያዝ ተዉ። ወገባቸው ሲሞላ የሱሪያቸው ገመድ ላላ፣ በኋላም ተጣለ። በደብረ ዘይት እሑድ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ለሚቀመጡ ሽማግሎች እንዲህ ብለው ነበር፤ «ሐኪም እንቁላል ብላ አለኝ። ቄስ ሳይቀር ብላ አለኝ። እምቢ ብየ ጾምሁ። ይኸው፣ ጾሜ ነው ያቆመኝ።» ሽማግሎቹም ለልጆቻቸው አወሩት፤ በሰፈሩ የሚያነክስም የሚያስልም ሁሉ የእሳቸው ስም እየተጠራ እንዲጾም ይመከር ጀመር።

ሠናይትም በበኩሏ ስለ ተልባዋ ማውራት አበዛች። በማርያም ማኅበር ላይ ሴቶቹ ሲጠይቋት ሳትደብቅ አስተማረቻቸው፤ ዱባው ይህን ያህል፣ ግብጦው ይህን ያህል፣ ተልባው በለብታ ውሃ። እስከዚያ ሰው የሚጠይቃት ስለ ስፌት ብቻ ነበር። ይህ ሌላ ነገር ነው። የራሷ ግኝት ነው።

ጎረቤቷ አልማዝ ናት ነገሩን የጀመረችው። አንድ ጠዋት ሱቅ መጥታ ከነጠላዋ ውስጥ አንድ ጥቁር ድንቡልቡል ነገር አውጥታ ከስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። ኳ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሠናይት።

«ያንች ኬክ ነዋ። ባሌ ጥርሱን ሊያወልቅ ነበር። የበሩን መዝጊያ ልደግፍበት ይሆን ብየ እያሰብሁ ነው።»

«ለብታ ውሃ አደረግሽ?»

«አደረግሁ። ከማኅበሩ ሦስታችን አድርገናል። የሦስታችንም ድንጋይ ነው።» አልማዝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እቴ፣ ብትደብቂው ኖሮ ማንም አይቀየምሽም ነበር። ግማሹን ነግሮ ግማሹን መደበቅ ግን ከአንች አይጠበቅም።»

አልማዝ ሄዳ ያ ድንቡልቡል ነገር መኪናው ላይ ቀረ።

ያን ሰሞን ሰላማዊት ሥራ ለመጠየቅ ወደ እብናት ሄዳ ልታድር ሆነ። ሠናይት ሱቋን ዘግታ ቤት ዋለች፤ አቡክታ፣ ሸፍና፣ መብራቱን ጠብቃ ራሷ ጋገረች። ጣሳውን ስትገለብጠው ጭቃው ተመልሶ መጥቷል። ደግማ ሠራች። ያው ነው። የዳቦ ማስነሻ ዱቄቱ አርጅቶ ይሆናል ብላ ከበራቸው ፊት ለፊት ወዳለው የከድጃ ሱቅ ሄደች።

ከድጃ ከጓሮዋ ዶሮ የምታረባ፣ ከሱቋ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚገኝ ሴት ናት። ማስነሻውን አወረደች፣ ቀኑን በጣቷ አሳየቻት።

«አዲስ ነው፣ ወላሂ። ምነው፣ አልነሣ አለሽ እንዴ?»

«ዛሬ አልነሣ አለኝ።»

«እንቁላሉን ስላልወሰዳችሁ ነዋ» አለች ከድጃ፣ ነገሩን ቀላል አድርጋ። «ሰላማዊት በየቀኑ ነበር የምትወስደው፤ ዛሬ ቀረች። አስቀምጨላታለሁ። ለሽማግሌው አላህ ጤናቸውን ይጨምርላቸው፣ ጥሩ አድርጋችኋል። ለበሽተኛ እኛም ጾም አንይዝበትም።»

አራት እንቁላሎች በፌስታል አድርጋ ዘረጋችላት። ሠናይት ተቀበለች። ለምን እንደተቀበለች አታውቅም። መንገዱን ተሻግራ፣ ግቢ ገብታ፣ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ይዛ ቆየች። መጀመሪያ የመጣባት አባቷ አልነበሩም። የመጣባት ተልባው ነው። በማኅበሩ መካከል ቆማ «ለብታ ይሁን፣ እንዳይፈላ» እያለች በጣቷ ስታሳይ፣ እህቷ ከጎኗ ተቀምጣ ጠላ ስትጠጣ ነበር።

ሰላማዊት በማግስቱ ስትመለስ እንቁላሎቹን ጠረጴዛው ላይ አገኘቻቸው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ከድጃ ናት?» አለች።

«ከድጃማ እውነቱን ነው የነገረችኝ።»

«እትዬ፣ አባባን አይተሽዋል? እኔ ሌሊት ሲተነፍስ ስሰማው ነበር። ትምህርቴን ታውቂያለሽ። ፋሲካን አያይም ነበር። አሁን ተመልከችው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታደርጊው ነበር?»

«አላደርገውም።»

«ታዲያ።» ሰላማዊት ተቀመጠች። «ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። እሱ ሳያውቅ የበላው አይቆጠርበትም።»

«ኃጢአቱን ውሰጅው» አለች ሠናይት። «ቃሉን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። በእጄ ነው የሠራሁት ብያቸዋለሁ። ሊጡን ከጨርቁ ሥር ትቼልሽ ስሄድ አምኜሽ ነው የምሄደው።»

«ፋሲካ እስኪደርስ ዝም በይ ብቻ። እግርሽን እስማለሁ። ካወቀ ምግብ ይተዋል።»

ሠናይት ለአባቷ አልነገረችም። ገብር ኄር እንደዚህ አለፈ። ሊጡን በራሷ እየጋገረች ጭቃውን አቀረበችላቸው። አቶ አያሌው ግማሹን በልተው አስቀመጡ፣ በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን በቀስታ ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? እንደዚያኛው አድርጊልኝ እንጅ። ያ ነው የሚስማማኝ።»

ልመና የሚመስል ድምፅ ነበር። አባቷ ምንም ነገር ለምነው አያውቁም። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ እንደ እህቷ «እኔ እንጃ» ማለት ትችል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶም ነበር።

«ያኛው እንቁላል ነበረበት፣ አባባ» አለች።

ሰላማዊት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞራ ወጣች።

አቶ አያሌው ሳህኑን አዩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመፃጉዕ።»

«ዛፉ ሥር ከመናገሬ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው።»

ውሃ ጠየቁ። አፋቸውን ተጉመጥምጠው ደጅ ተፉ፣ እንደገናም ተጉመጠመጡ። ከዚያ ሠናይት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ጨርቁን፣ ተልባውን፣ ከድጃን፣ እሷም ሳታውቅ ከእሳቸው ጋር መግደፏን። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ሰላማዊት ሐኪም ናት» አሉ። «እሷ ሥራዋን ሠራች። እኔም እሷን አልጠየቅኋት። የጠየቅሁት አንችን ነው።»

ያን ቀን ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄዱ፤ ስለ ተሰጣቸው ንስሐ ለማንም አላወሩም። ሽማግሎቹ ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ግን ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሌላው በር ይገባሉ። ምግብ አልተዉም፤ ቆሎና ሽሮ በሉ፣ ምርኩዛቸውም አልከበዳቸውም፤ ሰላማዊት ያበላቻቸው ጉልበት ከእግራቸው አልወጣም። በሆሳዕና ሰሞን ከሰላማዊት ጋር መቀለድ ጀመሩ። «ነርሷ፣ ዛሬስ ምን ደበቅሽብኝ?» ይሏታል፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ከሠናይት ጋር አይቀልዱም። አይቆጧትም። ስታቀርብ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ሳህኑን ግን ወዲያው አይነኩም።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ተበላ። በማግስቱ ሠናይት ከከድጃ እንቁላል ገዝታ፣ በሁሉ ሰው ፊት ሰብራ፣ የዱባውን ኬክ ጋገረች። ከጣሳው አፍ በላይ ነፍቶ ወጣ። ለአልማዝ ቤት ላከች፤ ምሥጢሩንም አስነገረች። ለአባቷ ትኩሱን በሳህን አቀረበች።

አቶ አያሌው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኬኩን አዩት፣ እሷን አዩ። መጠበቃቸው ግልጽ ነበር።

ሠናይት ይህን አጠባበቅ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ጋፋት ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ ጠላ የምትቀዳው እሷ ነበረች። እናቷ እንዳስተማሯት መጀመሪያ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ምንም ክፉ ነገር እንደሌለበት እንግዳው እንዲያይ፤ ከዚያ ትቀዳለች። አባቷ ያን ጊዜ ከእንግዶቹ ጎን ተቀምጠው፣ ሳትቀምስላቸው ዋንጫቸውን ይዘረጉላት ነበር። ለቤት ሰው አይቀመስም።

ጎንበስ ብላ ከኬኩ ጫፍ ቆረሰች። አፏ ውስጥ አድርጋ አኘከች፣ እያዩዋት ዋጠች። ከዚያ አቶ አያሌው እጃቸውን ዘርግተው መብላት ጀመሩ።