አታጥፉኝ ያለው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ላፕቶፗን ክዳኑ እንደተከፈተ ታቅፋ፣ ከባምባሲ በሚኒባስ መጥታ አሶሳ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ስትገባ፣ ገና ከደጅ ያንን የልጅነቴን ሳይረን ሰማሁት፤ ሦስት ጊዜ ይጮህና ጥቂት ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ፊቷን ከማየቴ በፊት የሸተተኝ የበሰለ ማንጎ ነው።

በበጋ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ አባቴ ከጓሯችን የለቀመውን ማንጎ ሳሎኑ ጥግ ጆንያ ላይ ደርድሮ ለገበያ ያበስል ነበርና ቤታችን እስከ ሰኔ ድረስ ያንን ሽታ ይዞ ይቆይ ነበር። አንድ ዓመት ከማንጎው አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ እህቴ ዘህራ ከአንድ ተመራቂ የገዛችው ያገለገለ ላፕቶፕ ተቀመጠ። ባትሪው ሞቶ ስለነበር የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዘህራ ስለ ቀርከሃ የምትጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚያ ሌላ የትም አልነበረም፤ ፍላሿን ለጓደኛዋ አውሳለች። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እሷ ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ እየጠበቅሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እነካካ ነበር።

ግንቦት ገብቶ የከሰዓት ዝናብ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ ላወርድ ብዬ ያገኘሁትን አረንጓዴ የማውረጃ ምልክት ሁሉ ስነካ፣ ስክሪኑ በሙሉ ቀልቶ ሳይረኑ ጮኸ። ዘህራ ሮጣ ገብታ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች አነበበችልን፤ ኮምፒውተሩን አምስት ቫይረስ ይዞታል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዚህ ቁጥር ካልደወላችሁ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፣ ከሁሉም በላይ እንዳታጠፉት ይላል። ከሥሩ የሰዓት ቆጣሪ ከአምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። አባቴ ቢደውል፣ ሂሳቡ በቂ እንዳልሆነ የምትናገረዋ ሴት መለሰችለት። ከዚያ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ በሰፈራችን ደግሞ ነጎድጓድ ከተሰማ መብራት እንደማይቆይ ዶሮውም ያውቅ ነበር።

አባቴና ጎረቤታችን አቶ ይመር የአቶ ይመርን የሱቅ ጄኔሬተር በቀርከሃ አንጠልጥለው አመጡት። አቶ ይመር በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ሲገቡ ከቋንቋችን ከበርታ ወደ አማርኛ እንዞር ነበር። ገመዱን ደጋግመው ቢጎትቱት ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አድርጎት ተኛ።

«አባ ዘህራ፣ ይኸም እንደኔ ጉልበቱ አልቋል ወንድምየ» አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ጎትት ይመር። የልጄ አራት ዓመት እዚህ ውስጥ ነው» አለ አባቴ።

እኔ ማንጎው አጠገብ ኩርምት ብዬ ሰዓቱን ብቻ አይ ነበር። ዜሮ ደረሰ፤ ምንም አልሆነም፤ እንደገና ከአምስት ጀመረ። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ማን እንደነካው መጠየቁ ስለማይቀር መልሼ ዘጋሁት።

ነጎድጓዱ መጣ፤ ሳይረኑ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ዘህራ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

«አታልቅስ ልጄ» አላት አባቴ፤ በአማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርግ ነበር፤ «እንደገና እንጽፋለን። ቀርከሃው አለ፣ አልሄደም።»

ዝናቡ አባርቶ መብራቱ ሲመለስ ማንም ሊነካው ስላልደፈረ እኔ ከፈትሁት። ቀዩ ነገር የለም። የቀርከሃው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ በቦታው ነበር። ያኔ ነው አረንጓዴውን ምልክትም ሰዓቱንም በአንድ ትንፋሽ የተናዘዝሁት። አባቴ አልተቆጣም፤ «ገበያ ላይ ‹ቶሎ፣ ቶሎ ግዛ› ብሎ የሚጮህ ሰው፣ ማንጎው ከታች የበሰበሰ ነው» አለ።

«እንግዲያ አንተ በየቅዳሜው ስትጮህ የምሰማህ ምንድነው?» አሉት አቶ ይመር፤ ዘህራ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

በክረምቱ ዘህራ ተመረቀች፤ እኔም መስከረም ላይ አንድ ደብተር አውጥቼ እንዲህ ያሉ ማስጠንቀቂያዎችን መመዝገብ ጀመርሁ። ስሙን የሚጠሩት የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራም እኛ ጋር ያልተጫነ መሆኑን፣ እውነተኛው ግን ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ፣ የኢንተርኔቱ ገጽ ሲዘጋ ቫይረሶቹም አብረው እንደሚሄዱ፣ ደውሉ የሚል ሁሉ ሌባ እንደሆነ፣ በጥቁር እስክርቢቶ ጻፍሁ።

የባምባሲዋ ሴት እንደተከፈተ ያመጣችው አታጥፉኝ ስላላት ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኜ እስከ ስድስት ቆጠርሁ፤ ሱቋ ጸጥ አለች፤ መልሼ ስከፍተው ፎቶዎቿ ሁሉ ነበሩ። ዛሬ የሰው ላፕቶፕ ባትሪው ጠንካራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ጩኸቱ አይቋረጥም፣ ከባምባሲ አሶሳ ድረስ መንገዱን ሙሉ ይጮሃል። ያኔ መብራቱ ሳንለምነው ያደረገልንን፣ አሁን አንድ ሰው ደፍሮ በገዛ ጣቱ ማድረግ አለበት።